ሚክሮካርሚዴ ራሱን የቻለ የጊንጥ ቤተሰብ ነውን?

የተከበሩ መምህር፣

ጥያቄዎ ሦስት ጉዳዮችን የያዘ ነው። አንድ ተማሪዎ ስለ ማዳጋስካር ደቃቅ የደን ጊንጦች ጽሑፍ ሲያዘጋጅ ያነበባቸው ሁለት መጻሕፍት እርስ በርስ ተጋጭተውበታል፤ አንደኛው «ሚክሮካርሚዴ» የሚባል ራሱን የቻለ ቤተሰብ እንዳለ ሲገልጽ፣ ሌላኛው እነዚሁኑ ጊንጦች «ቡቲዴ» በሚባለው ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። እርስዎም የትኛውን አጽድቀው የትኛውን እንደሚያርሙ ስለቸገረዎት ፍርድ እንድሰጥ ጠይቀውኛል። ቀጥለው እንዲህ ያሉ ጊንጦች በእኛ ደኖች ሊገኙ ይችሉ እንደሆነ፣ በመጨረሻም ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከገዙት አሮጌ መጽሐፍ ገጾች መካከል ያገኟትና በመድኃኒት ብልቃጥ ያስቀመጧት ጅራት የሌላት «ትንሽ ጊንጥ» የእነሱ ዘመድ ትሆን እንደሆነ ለማወቅ ፈልገዋል።

የመጨረሻው ቀላሉ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። በብልቃጡ ውስጥ ያለችው ጊንጥ አይደለችም። እንደገለጹልኝ ርዝመቷ 3 ሚሊሜትር ያህል ከሆነ፣ ከሰውነቷ ጋር ሲመዛዘኑ ረጃጅም የሆኑ ሁለት መቆንጠጫዎች ካሏት፣ የኋላ አካሏ ክብ ሆኖ ያለ ጅራት ካበቃና ሲነኳት ወደ ኋላዋ የምትሸሽ ከነበረች፣ ያለ ጥርጥር «ሐሳዊ ጊንጥ» ልንላት የምንችል ፍጥረት ናት። ሐሳዊ ጊንጦች ከሸረሪቶችና ከጊንጦች ጋር በአንድ መደብ ውስጥ ይቆጠሩ እንጂ የራሳቸው ክፍለ መደብ አላቸው፤ ስለዚህ ከጊንጥ ጋር ያላቸው መመሳሰል የመቆንጠጫ መመሳሰል ብቻ ነው። በመጻሕፍት መካከል የምትኖረው ዝርያ ከሰው ጋር ዓለምን የዞረች ስትሆን፣ አርስጣጣሊስ እንኳ በመጻሕፍት ውስጥ ስለሚገኙ ጊንጥ መሰል ፍጥረታት ጽፏል። ምግቧ ሙጫና ሻጋታ ፍለጋ ወደ አሮጌ ወረቀት የሚመጡ ደቃቅ ነፍሳት ናቸው። መርዟ ያለው በመቆንጠጫዋ ሲሆን ለሰው የሚያሰጋ አይደለም። እንግዲህ መጽሐፍዎን ስትጠብቅ ነው የተያዘችው ማለት ነው።

ልዩነቱን ለተማሪዎችዎ ለማሳየት ማይክሮስኮፕ እንኳ አያስፈልግም፤ ጥሩ አጉሊ መነጽር ይበቃል። ማንኛውም ጊንጥ፣ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ከሆዱ ቀጥሎ በአምስት አንጓዎች የተሠራ ጅራት፣ በጅራቱም ጫፍ መርዝ የሚቋጥር ከረጢትና መርፌ አለው። ገልብጠው ሲያዩት ደግሞ ከመጨረሻዎቹ እግሮች በስተኋላ፣ ግራና ቀኝ የተዘረጉ ሁለት ማበጠሪያዎች ያገኛሉ። እነዚህ ማበጠሪያዎች ጊንጥ የሚሄድበትን መሬት የሚያሸትባቸውና የሚዳስስባቸው አካላት ሲሆኑ ከጊንጥ በቀር በምድር ላይ ያላቸው እንስሳ የለም። ኋላ ስለ ምደባው ስናገር ወደ እነዚሁ ማበጠሪያዎች እመለሳለሁ፤ ክርክሩ በከፊል ያረፈው በእነሱ ጥርሶች መካከል ባለ ቦታ ላይ ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ። ተማሪዎ ያነበባቸው ሁለቱም መጻሕፍት ስለ እንስሶቹ የተናገሩት እውነት ነው፤ የተለያዩት በአንድ ፍርድ ላይ ነው። እኔ ከሁለቱ የምቀበለው ጊንጦቹን በቡቲዴ ውስጥ የሚያስገባውን ነው። ምክንያቴን ለማስረዳት ግን ከታሪኩ መነሣት ይኖርብኛል፤ ዓመታቱንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንደጻፍኩ ልብ ይበሉልኝ።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1995 ነው። በፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይሠሩ የነበሩት የጊንጥ ሊቅ ዊልሰን ሎሬንሶ ከማዳጋስካር የመጡ በጣም ትንንሽ ጊንጦችን መርምረው «ሚክሮካርሙስ» የተባለ አዲስ ወገን (የሚቀራረቡ ዝርያዎች የሚሰበሰቡበት፣ ከቤተሰብ በታች ያለ ማዕረግ) መሠረቱ። የመጀመሪያዋንም ዝርያ በበረሃ እንስሳት ጥናት በታወቁት በእንግሊዛዊው በጆን ክላውድስሊ ቶምሰን ስም ጠሯት፤ በበረሃ ሊቅ ስም የተጠራችው ጊንጥ የእርጥብ ቅጠል ነዋሪ መሆኗ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1996፣ ሎሬንሶ ስለ ማዳጋስካር ጊንጦች ባሳተሙት ሰፊ ሥራ ይህን ወገን ከሌሎች ሁሉ ለይተው በራሱ ስም ቤተሰብ አቆሙለት፤ «ሚክሮካርሚዴ» የሚለው ስም የተወለደው ያኔ ነው። በ2000 ደግሞ «ኒዮፕሮቶቡቱስ» የሚባል ሌላ ወገን ተጨመረበት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከደሴቲቱ ልዩ ልዩ ደኖች ሌሎች ዝርያዎች ተከታትለው ተገለጹ፤ ለምሳሌ አንዷ የስለት ያህል በተሳሉ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች በሚታወቀው በቤማራሃ ስም ትጠራለች።

እነዚህ ጊንጦች ምን ያህል ትንሽ እንደሆኑ በቁጥር ብቻ ሲነገር አይታሰብም። ከአፍ እስከ መርፌ ጫፍ ያለው ሙሉ ርዝመታቸው 1 ሴንቲሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ጥቂት ያለፈ ሲሆን 2 ሴንቲሜትር አይሞሉም። ያደገችውና የምትወልደው እናት፣ ጅራቷን ዘርግታ ብትለካ እንኳ፣ ከአንዲት የባቄላ ፍሬ ብዙም አትረዝምም ማለት ነው፤ በአንድ ብር ሳንቲም ላይ ሁለቱን አስከትሎ ማሰለፍ ይቻላል። የምዕራብ አፍሪካው ንጉሣዊ ጊንጥ 20 ሴንቲሜትር እንደሚደርስ ሲያስቡት፣ በአንድ ክፍለ መደብ ውስጥ ያለው የቁመት ልዩነት እስከ ሃያ እጥፍ መሆኑን ይረዳሉ።

የሚኖሩት በረገፈ ቅጠልና በቅጠሉ ሥር ባለው ብስባሽ አፈር ውስጥ ስለሆነ እንደ ሌሎቹ ጊንጦች ድንጋይ በመገልበጥ አይገኙም። ጊንጥ በጥቁር ብርሃን (በአልትራቫዮሌት መብራት) ሲበራበት አረንጓዴ ሰማያዊ ሆኖ ስለሚያበራ እኛ በቆላ በሌሊት የምናድነው በዚህ መብራት ነው፤ ከሦስት ጣት ቅጠል በታች ላለ 1 ሴንቲሜትር እንስሳ ግን መብራቱ ምንም አያደርግም። ስለዚህ ብዙዎቹ የተገኙት ቅጠሉን በወንፊት ነፍተው፣ የተነፋውን በመረብ ከረጢት ሞልተው፣ ከረጢቱን ከሥሩ የአልኮል ዕቃ ባለበት ሌላ ጨርቅ ውስጥ ለቀናት በመስቀል ነው። ቅጠሉ ቀስ በቀስ ሲደርቅ በውስጡ ያለ ነፍስ ሁሉ እርጥበት ፍለጋ ወደ ታች ይወርድና አልኮሉ ውስጥ ይገባል። ዘዴውን በብዛት የሚጠቀሙበት የጉንዳን አጥኚዎች ናቸው፤ የማዳጋስካርን ጉንዳኖች ለረጅም ጊዜ ያጠኑት ብራያን ፊሸር ስማቸው ለአንዷ ሚክሮካርሙስ መሰጠቱ የዚሁ ውለታ ነው። ጉንዳን ፈላጊዎች ባይኖሩ ኖሮ ስለ እነዚህ ጊንጦች የምናውቀው ከዚህ እጅግ ያነሰ ይሆን ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ሎሬንሶ ለምን የራሳቸው ቤተሰብ ሰጧቸው የሚለው ነው። ይህን ለመመለስ ሊቃውንት ጊንጥን በምን እንደሚመድቡት ማወቅ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያውና ዋነኛው ምልክት ደግሞ ቀለም ወይም መጠን አይደለም፣ ጠጉር ነው። በመቆንጠጫው ክንድ ላይ ከጉድጓድ የሚወጡ፣ ትንሽ የአየር ንቅናቄ እንኳ የሚያወዛውዛቸው ረጃጅም ስሜታዊ ጠጉሮች አሉ። ማክስ ቫሾን የተባሉት ፈረንሳዊ በ1974 ባሳተሙት ሥራ እነዚህ ጠጉሮች ቦታቸውና ቁጥራቸው የዘፈቀደ እንዳልሆነ፣ የዓለም ጊንጦችም በጠጉራቸው አደራደር በሦስት ዐበይት ዓይነቶች እንደሚከፈሉ አሳዩ። የመጀመሪያው ዓይነት 39፣ ሁለተኛው 37፣ ሦስተኛው 48 መሠረታዊ ጠጉሮች አሉት። ቡቲዴ የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

ይህ ቆጠራ ምን እንደሚመስል ላሳይዎ። ይህን ምላሽ ከመጻፌ በፊት አራት ኪሎ በምሠራበት ክፍል ከሰምጥ ሸለቆ የመጣች፣ ገና ያላደገችና 1 ሴንቲሜትር የማትሞላ የቡቲዴ ጊንጥ ከአልኮል አውጥቼ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጬ ነበር። ብርሃኑን ከላይ ካበሩባት ሁሉም ነገር አንጸባርቆ ይጠፋል፤ ከጎን ዝቅ አድርጎ ሲያበሩት ግን እያንዳንዱ የጠጉር ጉድጓድ ጥላ ይዞ እንደ ትንሽ የቡና ስኒ ይታያል። በክንዱ የመጀመሪያ አንጓ 11፣ በመካከለኛው 13፣ በመቆንጠጫው 15 መሆን አለበት። መጀመሪያ ስቆጥር 38 ሆነብኝ። ከጠጉሮቹ ጥቂቶቹ በተፈጥሯቸው ከሌሎቹ እጅግ ያጠሩ ስለሆኑ አንዲቱን አልፌያት ነበር፤ ናሙናዋን ትንሽ ወደ ግራ ሳዘነብላት በመጀመሪያው አንጓ ላይ ተገኘች። ባደገ ጊንጥ ላይ ይህ ሥራ የአሥር ደቂቃ ነው፤ ሰውነቱ በሙሉ 1 ሴንቲሜትር በሆነ ጊንጥ ላይ ግን የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ አንዲት ጠጉር አለች ወይስ የለችም የሚለው ክርክርም ከዚህ ይመጣል።

በዚህ ዋነኛ ምልክት ሲመዘኑ ሚክሮካርሙሶች የቫሾን የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው፤ ማለትም የጠጉራቸው መሠረታዊ አደራደር ከቡቲዴ ጋር አንድ ነው። ይህን ሎሬንሶም አልካዱትም፤ አዲሱን ቤተሰብ ያስቀመጡት ከቡቲዴ አጠገብ ነበርና። የለዩአቸው በሌሎች ምልክቶች ነው። አንደኛው በእግሮቹ መካከል ያለው የደረት ሰሌዳ ነው፤ በብዙዎቹ ቡቲዴዎች ላይ ይህ ሰሌዳ ሦስት ማዕዘን ሲሆን በእነዚህ ላይ ግን ወደ አምስት ማዕዘን የቀረበ ነው። ሁለተኛው የማበጠሪያው አሠራር ነው። በአብዛኞቹ ጊንጦች በማበጠሪያው ጥርሶች መካከል፣ ከሥራቸው፣ እንደ ሽብልቅ የገቡ ደቃቅ ጠጣር ቁራጮች አሉ፤ በሚክሮካርሙስ ላይ እነዚህ ሽብልቆች የሉም፤ ጥርሶቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው በቀጥታ ከማበጠሪያው አጥንት መሰል ዘንግ ላይ ይበቅላሉ። እነዚህ ልዩነቶች ተደምረው ለአንድ ቤተሰብ መቆሚያ በቂ ሆነው ታዩ።

የእኔ ተቃውሞ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ልዩነቶቹ እውነተኛ ናቸው፣ ነገር ግን የትንሽነት ልዩነቶች ናቸው። በአሜሪካ ሐሩራማ ደኖች የሚኖረውን «አናንቴሪስ» የሚባለውን ወገን ይመልከቱ፤ ማንም በቡቲዴነቱ አይጠራጠርም፣ ነገር ግን ትንሽ ነው፣ በረገፈ ቅጠል ውስጥ ይኖራል፣ የማበጠሪያው ሽብልቆች የሉትም፣ የደረት ሰሌዳውም ወደ አምስት ማዕዘን ያዘነብላል። በራሷ በማዳጋስካር ያለው «ቲቲዮቡቱስ» የሚባለው የቡቲዴ ወገንም በደረት ሰሌዳው ወደዚሁ ይቀርባል። አንድ እንስሳ በትውልዶች ብዛት እያነሰ ሲሄድ አካሉ ልክ እንደ ሥዕል ቅጂ በእኩል አይቀንስም፤ አንዳንዱ ክፍል ጨርሶ ይቀራል፣ አንዳንዱ የሕፃንነት ቅርጹን ይዞ ያድጋል። የማበጠሪያ ሽብልቅን የመሰለ ደቃቅ ቁራጭ ከሚቀሩት መካከል ቢሆን ሊያስገርመን አይገባም። ስለዚህ ሁለት ትንንሽ ጊንጦች አንድ ነገር ስለጎደላቸው ብቻ ዘመዳሞች ናቸው ማለት፣ ሁለት መላጣ ሰዎች ወንድማማቾች ናቸው እንደማለት ነው።

ይህ በግምት የተነገረ እንዳይመስልዎ ከሜክሲኮ አንድ ምስክር ልጥራ። በዓለም ላይ ከሚታወቁት ጊንጦች ሁሉ ትንሿ የምትባለው «ቲፍሎካክታስ ሚቼሊ» ስትሆን ርዝመቷ 9 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ዴቪድ ሲሶም በ1988 የገለጿት ይህች ጊንጥ በኦሃካ ግዛት በደን ቅጠል ውስጥ ትኖራለች፤ ዓይን የላትም። በመጠንና በአኗኗር ከማዳጋስካሮቹ ጋር እህት ትመስላለች። ጠጉሯ ሲታይ ግን የቫሾን ሦስተኛው ዓይነት ናት፤ ማለትም ከቡቲዴ እጅግ ርቆ በሚገኘው በሌላኛው የጊንጦች ቅርንጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ከእሷ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደበው «አላክራን ታርታሩስ» የተባለው በ1982 የተገለጸ ጊንጥ ደግሞ የሚኖረው ከምድር በታች ከ700 ሜትር በላይ ጥልቀት ባላቸው ዋሻዎች ውስጥ ነው። ከዘመዶቿ አንዱ በጨለማ ዋሻ የሚኖር ትልቅ ጊንጥ ሲሆን፣ የምትመስላቸው ግን ከውቅያኖስ ማዶ ያሉ ባዕዳን ናቸው። መልክና ዘር እንዲህ ይለያያሉ።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በ2008 ኤሪክ ቮልሼንክ፣ ካሚሎ ማቶኒና ሎሬንዞ ፕሬንዲኒ ከውጭ ቅርፊት አልፈው የጊንጦችን የሆድ ዕቃ በሰፊው ያነጻጸረ ጥናት አሳተሙ። ከመረመሯቸው አካላት አንዱ ጽንስ የሚያድግበት፣ እንደ መሰላል የተያያዘ የቱቦ መረብ ነው፤ ጊንጦች እንደሚታወቀው እንቁላል አይጥሉም፣ ይወልዳሉ፣ ልጆቻቸውንም በጀርባቸው ያዝላሉ። ይህ መረብ በቡቲዴ ስምንት ዓይን፣ ማለትም ስምንት ክፍተት፣ ሲኖረው በአብዛኞቹ ሌሎች ጊንጦች ግን ስድስት ዓይን አለው። የሳንባና የሌሎች የውስጥ አካላት አሠራርም አብሮ ታይቷል። ሦስቱ ሊቃውንት ከዚህ ጥናት ተነሥተው ሚክሮካርሚዴ የተባለውን ስም የቡቲዴ ተለዋጭ ስም ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። የተማሪዎ ሁለተኛ መጽሐፍ የተከተለው ይህን ነው። የመጀመሪያው ደግሞ ከ2008 በፊት ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ካልሆነም ከዚያ በኋላ እንኳ ስሙን እንደ ቤተሰብ ስም መጠቀም የቀጠሉትን ጽሑፎች ተከትሏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ማድረግ ይገባል። የእንስሳትን ስም የሚገዛ ዓለም አቀፍ ሕግ አለ፤ ሕጉ የሚገዛው ግን ስሞችን ብቻ ነው። አንድ ስም በትክክል ታትሟል ወይ፣ ከሁለት ስሞች የቀደመው የትኛው ነው የሚለውን ይወስናል። ቡቲዴ በ1837 በካርል ሉድቪግ ኮክ፣ ሚክሮካርሚዴ በ1996 የተሰየሙ ስለሆኑ ሁለቱ አንድ ከሆኑ የሚጸናው የቀደመው ነው። አንድ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን ግን ሕጉ አይፈርድም፤ ያንን የሚፈርደው ማስረጃና የባለሙያ ሚዛን ነው። ተማሪዎ «የበላይ አካል ወስኗል» የሚል መልስ ጠብቆ ከሆነ እንዲህ ያለ የበላይ አካል የለም። የጊንጥ ሊቃውንትም በጠባያቸው ጭምቶች አይደሉም፤ በ2003 ሚካኤል ሶልግላድና ቪክቶር ፌት ስለ ጊንጦች አጠቃላይ ምደባ ያቀረቡትን ሐሳብ ፕሬንዲኒና ዋርድ ዊለር በ2005 ሲቃወሙት የተጠቀሙበትን ብርቱ ቃል ያነበበ ሰው፣ ስለ መሬት ወሰን እንጂ ስለ ጊንጥ የሚከራከሩ አይመስለውም። በ2015 ደግሞ በፕራሻንት ሻርማ መሪነት የታተመው የዘረመል ጥናት በቅርጽ ላይ ብቻ የተመሠረቱ ብዙ ዐበይት ክፍፍሎች ከዘር ሐረጉ ጋር እንደማይገጥሙ አሳይቶ ተከራካሪዎቹን ሁሉ አስደንግጧል።

ታዲያ ቤተሰብ የሚለው ማዕረግ ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁኝ፣ በእኛ አገር ሰው ዘንድ ከሚታወቅ ነገር ተነሥቼ ላስረዳ። በሳይንስ መዝገበ ቃላት «አስተኔ» የሚባለው ይህ ማዕረግ፣ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት እንደሚቆጥሩት ዓይነት የዘር ቆጠራ ነው። የአንድ አያት ዘር ስንል ከዚያ አያት የወረደውን ሁሉ ማለታችን ነው፤ ከልጅ ልጆቹ መካከል አንዱ አጭር ሆኖ ስለተወለደ ወይም ደን ውስጥ ገብቶ ስለኖረ ከቆጠራው አይወጣም። ሚክሮካርሙስ ከቡቲዴ ቅርንጫፎች መካከል የበቀለ ከሆነ፣ እሱን አውጥቶ የራሱን ቤተሰብ መስጠት ያንን የልጅ ልጅ ባዕድ እንደማድረግ ነው፤ ከዚህም በላይ የቀረው ቡቲዴ ራሱ የተጎደለ ቆጠራ ይሆናል፤ ምክንያቱም የአንድ አያት ዘር ሙሉ ስብስብ መሆኑ ይቀራልና። ሚክሮካርሚዴ ራሱን ችሎ እንዲቆም ከተፈለገ መረጋገጥ ያለበት ልዩ መልክ እንዳለው ሳይሆን፣ ሁሉም ቡቲዴዎች እርስ በርስ ከሱ ይልቅ እንደሚቀራረቡ ነው። የቀረቡት የቅርጽ ምልክቶች ይህን ሸክም አይችሉም ባይ ነኝ።

በነገራችን ላይ ቡቲዴ ከ1,000 በላይ ዝርያዎች ያሉት የጊንጦች ትልቁ ቤተሰብ ሲሆን ለሰው ሕይወት አስጊ የሆኑት ጊንጦች ከሞላ ጎደል በሙሉ ከዚህ ይገኛሉ። ነገር ግን አስጊዎቹ ከቤተሰቡ ጥቂቶቹ ናቸው፤ ተማሪዎችዎ «ቡቲዴ ናቸው» የሚለውን ሲሰሙ ደቃቆቹን የማዳጋስካር ጊንጦች በገዳይነት እንዳይፈርጇቸው ማስታወስ ይበጃል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስመጣ፣ ሚክሮካርሙስና ኒዮፕሮቶቡቱስ ከማዳጋስካር ውጭ አይታወቁም። ደሴቲቱ ከአፍሪካ የተለየችው ከ160 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት፣ ከሕንድ የተላቀቀችው ደግሞ ከ88 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ስለሆነ እንስሶቿ ለብቻቸው ለመለወጥ ረጅም ጊዜ አግኝተዋል፤ ጊንጦቿም በመርከብ ጭነት ከሚዛመት አንድ ዝርያ በቀር የራሷ ብቻ ናቸው። ስለዚህ እነዚህኑ ወገኖች በሐረና ወይም በሸካ ደን መፈለግ ድካም ነው። እነሱን መሰል፣ ማለትም ከሌላ የቡቲዴ ቅርንጫፍ ወርዶ በቅጠል ውስጥ ኖሮ ያነሰ ጊንጥ ግን በአህጉራችን አለ፤ በ1976 የተሰየመውና በኮንጎ የሚገኘው «አኬንትሮቡቱስ» ለዚህ ምሳሌ ነው። በእኛም ቀጠና በቀይ ባሕር ዳርቻ «ማይክሮቡቱስ» የሚባል ደቃቅ ጊንጥ ይገኛል። ስሙ ከሚክሮካርሙስ ጋር ስለሚቀራረብ ተማሪዎች ያምታቱታል፤ እሱ ግን የደረቅ ዳርቻ ነዋሪ ነው፤ ማነስ የደን ብቻ ዕጣ አለመሆኑንም ያሳያል።

የአፍሪካ ቀንድን ጊንጦች በተመለከተ ፍራንቲሼክ ኮቫርዢክ የተባሉት የቼክ ሊቅና ባልደረቦቻቸው ባለፉት ዓመታት ባሳተሟቸው ተከታታይ ጥናቶች ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ ብዙ አዳዲስ ዝርያዎችን ገልጸዋል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በመብራት የተያዙ የቆላና የደረቅ አገር ጊንጦች ናቸው። ቅጠል በመንፋት የሚገኘውን ዓይነት መፈለግ ሌላ ሥራ ነው፤ ለተማሪዎችዎም ከዚህ የተሻለ የተግባር ትምህርት አይታየኝም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ጽድና ወይራ ሥር ያለው ቅጠል ቢነፋ ጊንጥ ባይገኝበት እንኳ ሐሳዊ ጊንጦች በእርግጥ ይገኙበታል፤ ብልቃጥዎ ውስጥ ላለችውም ዘመዶቿን ታመጡላታላችሁ። ከመሄድዎ በፊት የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይጠይቁ፤ የዘረመል ሀብትን ስለማግኘት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው) ናሙና ወደ ውጭ መላክን በብርቱ ይቈጣጠራልና፣ ማንም «ፓሪስ ልኬ ላስመርምርልዎ» ቢልዎ እሺ አይበሉ።

ብልቃጧን በተመለከተ፣ ናሙናዋ በደረቁ ከቆየች ትሰባበራለች፤ ከፋርማሲ የሚገዛ 70 በመቶ አልኮል ይጨምሩባት። በእርሳስ በተጻፈ ትንሽ ወረቀት የተገኘችበትን ቦታና ቀን ከውስጥ ይክተቱ፤ በስክሪፕቶ የተጻፈ በአልኮል ውስጥ ይታጠባል። የመጽሐፉን ርዕስ መጻፍ ባያስፈልግም እኔ ብሆን እጽፈው ነበር።

የተማሪውን ጽሑፍ ሲያርሙ ደግሞ ከሁለቱ መጻሕፍት አንዱን በቀይ አይሰርዙበት። እንዲህ ብሎ ያስተካክለው፦ «የሚክሮካርሙስ ጊንጦች በ1996 ሚክሮካርሚዴ በተባለ የራሳቸው ቤተሰብ ተመድበው ነበር፤ በ2008 በቡቲዴ ውስጥ ተጠቃለዋል፤ ሆኖም አንዳንድ ጸሐፊዎች የቀድሞውን ምደባ ይከተላሉ።» ይህን ከጻፈ በኋላ እሱ ራሱ የትኛውን እንደሚቀበልና በየትኛው የአካል ምልክት ምክንያት እንደሆነ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨምር፤ ማርኩን የሚሰጡት በዚያች ዐረፍተ ነገር ላይ ይሁን። ከእኔ የተለየ ፍርድ ቢሰጥም የማበጠሪያውን ሽብልቅ ጠቅሶ ከተከራከረ ሙሉ ማርክ ይገባዋል።